ተጠባባቂ ሳለ ንጉሥ ነበር

ሴፕቴምበር 13 ቀን 2025 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ አንድ የ21 ዓመት ልጅ በገዛ ሜዳው የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት። (ዓመትና ወሩን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው፤ ጨዋታው የእነሱ ነውና።) ቡድኑ እየተሸነፈ ነበር እንዳትሉ፤ እየመራ ነበር። በመጨረሻም 27 ለ10 አሸንፏል። የልጁ ጥፋት አሥር ኳስ በተከታታይ ወርውሮ አንዱም የቡድን ጓደኛው እጅ ሳይገባ መቅረቱ ነው። ከ25 ሙከራ 11 አገናኝቶ በ114 ያርድ ወጣ። መጥፎ ቀን ነበር፤ አንክድም። እኛ ዳላስ አንዳችን ቤት ተሰብስበን፣ ቡና እየተፈላ፣ በቴሌቪዥን እያየን ነበር። ስም አንጠራም እንጂ ከመካከላችንም «ይውጣልን!» ብሎ የጮኸ ነበረ።

ልጁ አርች ማኒንግ ይባላል። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ነው። ይሄን ጽሑፍ የምታነቡና የአሜሪካ ፉትቦል የማይገባችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እኛም ስንመጣ አልገባንም ነበር። ሁሌ የሚያበሽቁን አንድ ጋሼ አሉ፤ «በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን እግር ኳስ ካላችሁት እጅ ኳስን ምን ልትሉት ነው?» ይሉናል። ጋሼ ልክ ናቸው። ለማንኛውም ኳርተርባክ ማለት ኳሱ በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ እጁ የሚገባ ሰው ነው። ከፊቱ አምስት ግዙፎች ይከላከሉለታል፣ ከእነሱ ወዲያ ሊጥሉት የሚመጡ አሉ፣ እሱ ሦስት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማን ነጻ እንደሆነ ማየትና መወርወር አለበት። ካሸነፈ ሐውልት፣ ካልሆነለት ጩኸት።

ይሄ ልጅ ደግሞ ተራ ልጅ አይደለም። አያቱ አርቺ ማኒንግ በ1971 ድራፍት ሁለተኛ ሆኖ ኒው ኦርሊንስ የመረጠው ኳርተርባክ ነው። አጎቶቹ ፔይተንና ኢላይ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሱፐር ቦል ያነሡ ናቸው። (አባቱ ኩፐርም ተጫዋች ነበረ፤ የአከርካሪ ሕመም አስቆመው።) እና ልጁ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለ የአገሩ አንደኛ ተፈላጊ ተባለ። በ2025 የውድድር ዘመን መባቻ ላይ የቴክሳስ ቡድን በአሶሺየትድ ፕሬስ የቅድመ ውድድር ደረጃ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ተቀመጠ። ለሃይስማን ሽልማት ቁማርተኛው ሁሉ ገንዘቡን በእሱ ላይ አስያዘ። ልጁ እስከዚያች ቀን በቋሚነት የጀመራቸው ጨዋታዎች ስንት ነበሩ መሰላችሁ? ሁለት።

እንግዲህ የእኛ ጠብ ከልጁ ጋር አይደለም። ከደጋፊው ጋር ነው፤ ማለትም ከራሳችንም ጋር።

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ2023 እና በ2024 የቴክሳስ ኳርተርባክ ኩዊን ኢወርስ ነበር። ቡድኑን በሁለቱም ዓመት ለግማሽ ፍጻሜ ያደረሰ ልጅ ነው። ደጋፊው ግን ልቡ ከጀርባው ያለው ተጠባባቂ ላይ ነበር። ሴፕቴምበር 2024 ኢወርስ ተጎድቶ ሲወጣ አርች ገባና የመጀመሪያ ኳሱ ታችዳውን ሆነ፤ ቀጥሎ 67 ያርድ ሮጦ ሌላ ጨመረ፤ ጨዋታው 56 ለ7 አለቀ። አበቃ! ከዚያ ወዲያ ኢወርስ አንድ ኳስ በሳተ ቁጥር የቴክሳስ ሰው ዓይኑ ተጠባባቂው ወንበር ላይ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ከጆርጂያ ጋር ሲጫወቱ አሰልጣኙ ኢወርስን በሁለተኛው ሩብ አስወጥቶ አርችን አስገባ፤ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ኢወርስን አስገባ። ያን ሳምንት ዳላስ ውስጥ ታክሲ ተሳፍራችሁ ከሆነ ሾፌሩ «ለምን መለሰው?» ሳይላችሁ አልወረዳችሁም።

ዓመት ሳይሞላ ያው ሕዝብ በዚያው ስታዲየም ለአርች ጮኸበት። ተጠባባቂ ሳለ ንጉሥ ነበር፤ ሲነግሥ ተጠባባቂ ተፈለገበት።

ነገሩ የቴክሳስ ብቻ አይደለም። ጃንዋሪ 8 ቀን 2018 በብሔራዊው ፍጻሜ አላባማ እስከ ዕረፍት 13 ለ0 ሲመራበት አሰልጣኙ ከ27 ጨዋታ 25ቱን ያሸነፈለትን ጄለን ሀርትስን አስቀምጦ ቱዋ ታጎቫይሎዋ የሚባል አንደኛ ዓመት አስገባ። አላባማ በጭማሪ ሰዓት 26 ለ23 አሸነፈ። ሀርትስ ያን ምሽት አበቃለት ተባለ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ያ ቱዋ ማያሚ ውስጥ ከቦታው ተነሣ፤ የተካው ማን ነው? በ2025 ድራፍት 231ኛ የተመረጠው፣ ቴክሳሶች የሰለቹት ኩዊን ኢወርስ! ሀርትስስ? ኦክላሆማ ሄደ፣ በ2020 ድራፍት 53ኛ ተመረጠ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ፊላዴልፊያን ይዞ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ22 አሸንፎ የሱፐር ቦሉ ኮከብ ተባለ። እንግዲህ ከእነዚህ ሦስት ልጆች መካከል «አይሆንም» ያላልነው ማን ነበር?

ሀበሻ ቤት ያደገ ሁሉ ይሄን ፍርድ ያውቀዋል። በሰባት ዓመቱ «ይሄ ዶክተር ነው» የተባለና በሰባት ዓመቱ «ይሄስ አይረባም» የተባለ ወንድማማች የሌለበት ቤት የትኛው ነው? የፉትቦል ደጋፊም እንዲሁ ነው፤ ቃሉን አሳምሮ «ፖቴንሻል» ይለዋል እንጂ። ፖቴንሻል አለው፣ ፖቴንሻል የለውም። እንደ ደም ዓይነት ከእናት ማሕፀን ይዞት የወጣ ነገር ይመስል! ታዲያ ጆ ባሮውን ምን ታደርጉታላችሁ? ሦስት ዓመት ኦሃዮ ስቴት ወንበር ሲያሞቅ ኖሮ ቦታውን ስላጣ ወደ ኤልኤስዩ ሄደ። በ2018 ከወረወረው ከመቶ 57.8 አገናኘ፣ 16 ታችዳውን ወረወረ። «መካከለኛ ልጅ ነው፤ ጣሪያው ይሄው ነው» አሉት። በ2019 ከመቶ 76.3 አገናኘ፣ 60 ታችዳውን ወረወረ፣ ቡድኑ 15 ተጫውቶ 15 አሸነፈ፣ ሃይስማን ወሰደ፣ በድራፍቱ አንደኛ ሆነ። በአንድ ክረምት ሌላ ክንድ አልበቀለለትም። የማቀበሉን ጨዋታ የሚያዋቅር አዲስ ረዳት አሰልጣኝ መጣ፣ ተቀባዮቹ ጎለመሱ፣ እሱም አንድ ዓመት ሙሉ ሳይወጣ ተጫወተ።

የአርች አጎት ፔይተንስ? በ1998 በመጀመሪያ ዓመቱ ለተቃራኒ ያስጠለፈው ኳስ 28 ነው፤ ለጀማሪ የሊጉ ክብረ ወሰን። ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ማንም አላወጣው።

አሁን ደግሞ ስለ ማየት እናውራ፤ ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ነንና ይሄ ያንገበግበናል። ቴሌቪዥን የሚያሳየን ኳሱን ነው። ካሜራው ኳርተርባኩ ላይ ተጠግቶ ይቆያል፤ ከኋላ የቆሙት ተከላካዮች ከስክሪኑ ውጭ ናቸው። ተቀባዩ መሮጥ የነበረበትን መንገድ ስቶ ይሁን፣ ኳርተርባኩ ዘግይቶ ይሁን፣ ከተከላካዮቹ አንዱ አታሎት ይሁን ከሶፋችን ላይ አይታይም። አሰልጣኞች ግን 22ቱንም ተጫዋች ከላይ የሚያሳይ ቀረጻ አላቸው፤ እሱን ደጋግመው አይተው እንኳ ይከራከራሉ። እኛ የኳሱን መውደቅ አይተን ስለ ልጁ አእምሮ እንፈርዳለን። በዚያው ሴፕቴምበር አርች ሲወረውር ፊቱ ሲጨማደድ ታየና ሕዝቡ በሙሉ ሐኪም ሆነ፤ ትከሻው ነው፣ ክርኑ ነው፣ ደብቀውናል ተባለ። ከአንድ የፊት መኮማተር! ትምህርት ቤት ሳለን ላልተጣራ ነገር ማርክ ይቀነስብን ነበር።

(ከመካከላችን ሴቶች ያለነው በዚህ ጉዳይ ልዩ ቂም አለን። ገና አገር ቤት ሳለን ጀምሮ ስለ ኳስ አፋችንን ስንከፍት «እስቲ ኦፍሳይድ ምንድን ነው? ንገሪን» እየተባልን ነው ያደግነው። ፈታኞቻችን አንድም ቀን ተፈትነው አያውቁም።)

ያየነውን እንኳ እንናገር ካልን፣ ኦክቶበር 4 ቀን በፍሎሪዳ 29 ለ21 ሲሸነፉ አርች ኳሱን እንደያዘ በተደጋጋሚ መሬት ላይ ሲደፉት ነው የዋለው። ከፊቱ ያሉት ግድግዳዎች እንደ ቆርቆሮ አጥር ሲገነደሱ ሜዳው ሙሉ የሚጮኸው በእሱ ስም ነው። ሳምንቱን ሳይቆይ እዚሁ ዳላስ ኮተን ቦል ላይ ኦክላሆማን 23 ለ6 አሸነፉ፤ ከ27 ኳስ 21 አገናኘ። በሰባት ቀን ውስጥ ልጁ ተለወጠ? ከፊቱ የቆሙት ቆሙለት፣ እሱም ቶሎ ወረወረ። ይሄ ለክርክር የማይመች ተራ መልስ ስለሆነ ማንም አይወደውም።

«ስሙ ነው እዚያ ያደረሰው» የሚሉን አሉ። ከዚህኛው ጋር አንጣላም፤ ነገር ግን መደምደሚያቸውን እንገለብጠዋለን። በቅድሚያ ለልጁ ፍትሕ እንስጥ፤ ተጫዋች ባሰኘው ጊዜ ትምህርት ቤት በሚቀይርበት ዘመን ሁለት ዓመት ሙሉ ከኢወርስ ጀርባ ተቀምጦ ጠብቋል። ስሙ ግን እርግጥ ነው ገዝቶለታል፤ የገዛለትም ጊዜ ነው። ሲስት የሚታገሠው አሰልጣኝ፣ ሲወድቅ «ይነሣል» የሚል ተንታኝ። ኳርተርባክን ኳርተርባክ የሚያደርገው ዋናው ነገርም ይሄው ጊዜ ነው።

ያልተሰጣቸውን እንቁጠር። ዋረን ሙን በ1978 መግቢያ ላይ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን የሮዝ ቦል አሸናፊ አድርጎ ሲያበቃ ድራፍቱ ላይ የመረጠው አንድም ቡድን አልነበረም። ጥቁር ኳርተርባክ ነዋ! ካናዳ ሄዶ ከኤድመንተን ጋር በተከታታይ አምስት ዋንጫ በላ። አሜሪካ ለመመለስ እስከ 1984 ጠበቀ፤ በ2006 የዝና አዳራሽ ገባ። «እሱ የድሮ ነው» እንዳትሉን፤ ላማር ጃክሰን በ2016 ሃይስማን የወሰደ ልጅ ሆኖ በ2018 ድራፍት ዋዜማ ቢል ፖሊያን የሚባሉት ስመ ጥር የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ተቀባይ ቢሆን ይሻለዋል አሉ። 32ኛ ተመረጠ። በ2019 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሲባል አንድም ድምፅ አልጎደለበትም። በ2023 ደገመው።

እዚህ አገር ተንታኞች ስለ ነጭ ልጅ ሲያወሩ «ጨዋታውን ያነባል» ይላሉ፤ ስለ ጥቁር ልጅ ሲያወሩ «አትሌት ነው» ይላሉ። ሁለቱም ምስጋና ይመስላል። የመጀመሪያው ግን ይማራል ማለት ነው፤ ሁለተኛው የተፈጠረበትን ጨርሷል ማለት ነው። ከእንግዲህ ልብ ብላችሁ ስሙ፤ አንድ ቅዳሜ ይበቃችኋል።

ከመካከላችን የአንዷ ታናሽ ወንድም እዚሁ ዳላስ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ነው። ከልጅነቱ ኳርተርባክ መሆን ነው የሚፈልገው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አሰልጣኙ ሁለት ልምምድ አይቶት «አንተ ፈጣን ነህ፤ ከኋላ ተከላካይ ሁን» አለው። ፈጣን መሆኑ እውነት ነው። (እናቱ የጠየቀችው «የትኛው ቦታ ላይ ነው ብዙ የማይመቱት?» ብቻ ነበር።) በእነዚያ ሁለት ቀናት ስንት ኳስ ወረወርክ አልነው። በጣቱ ቆጠረና «ስድስት» አለ። ያን የሴፕቴምበር ቅዳሜ አርች አሥር ኳስ በተከታታይ ሲስት ቤቱ በሙሉ ሲጮህ እሱ ብቻ ዝም አለ። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ «አሥር ስቶ እኮ አላወጡትም» አለን።

ቴክሳሶች አርችን አለማውጣታቸው ትክክል ነበር። አሥር የሳተ ልጅ አሥራ አንደኛውን ካልወረወረ በምን ይማራል? የሚያናድደን ደጋፊው ይሄን ትዕግሥት ለማኒንግ ሲሰጥ አይቶ «ለሌላውም ስጡ» በማለት ፋንታ «ለእሱም ንሱት» ማለቱ ነው። የዘጠነኛ ክፍሉም አሰልጣኝ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄንኑ ጨዋታ ይሄንኑ ጩኸት እየሰማ ነው የሚያየው። ሁለት ልምምድ በቂ ነው ያለው ከየት ተምሮ መሰላችሁ?

አንድ ጠንካራ መልስ አለ፤ ገንዘብ። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ማስታወቂያ ሠርተው መብላት ይችላሉ፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ትምህርት ቤት የተቆረጠው ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። «ሚሊዮን የሚበላ ሰው ተማሪ አትበሉን፤ ካልሠራ ይጮህበት» ይሉናል። ግማሹን እንቀበላለን። ከእንግዲህ «ምስኪን ተማሪ» በሚል መጋረጃ መደበቅ የለም፤ ቲኬት የገዛ ሰው የመናደድ መብት አለው፤ እግሩን አስተካክሎ አልቆመም፣ ዘገየ፣ ነጻ የነበረውን አላየም ብሎ መተቸትም ጤነኛ ነገር ነው። እኛም ስንተች ነው የምንውለው። ይሁንና ደመወዝ ለሥራ ነው የሚከፈለው፤ ገንዘብ ስለተከፈለው የ21 ዓመት ልጅ የ30 ዓመት አይሆንም። ደግሞስ ደመወዝ ከመጀመሩ በፊት አይጮህም ነበር? ሀርትስ ምን ተከፍሎት ነበር?

የቀረውን ዘመን በአጭሩ እንንገራችሁ። ኦክቶበር 25 ሚሲሲፒ ስቴት በአራተኛው ሩብ በ17 ነጥብ ሲመራ አርች 346 ያርድ ወርውሮ ቡድኑን መለሰ፤ በጭማሪው ሰዓት ጭንቅላቱን ተመቶ ወጣ፣ ተጠባባቂው ማቲው ካልድዌል የማሸነፊያዋን ወረወረ። በሳምንቱ ቫንደርቢልትን 34 ለ31። ጆርጂያ 35 ለ10 ቀጣቸው። ኖቬምበር 22 ከአርካንሳስ ጋር አርች በመወርወር አራት፣ በሩጫ አንድ፣ በመቀበልም አንድ ታችዳውን ሠራ። በሳምንቱ እስከዚያ ያልተሸነፈውን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 27 ለ17 ጣሉ። ዘጠኝ አሸንፈው ሦስት ተሸንፈው ከፕሌይኦፉ ውጭ ቀሩ፤ ዲሴምበር 31 ሚሺጋንን 41 ለ27 አሸንፈው ዓመቱን ዘጉ።

ሃይስማኑንስ ማን ወሰደው? የኢንዲያናው ፈርናንዶ ሜንዶዛ። ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ ትልልቆቹ ዞር ብለው ያላዩት፣ መጀመሪያ ለዬል ቃል ገብቶ የነበረ፣ ካሊፎርኒያ ሄዶ ተጫውቶ ኢንዲያና የገባ ልጅ። ጃንዋሪ 2026 ላይ ማያሚን 27 ለ21 አሸንፈው የብሔራዊውን ዋንጫ ወሰዱ። በነሐሴ ስለ እሱ ፖቴንሻል የተጨቃጨቀ ሰው እኛ ቤት አልነበረም። አናውቀውምና።

እና አሁን የሴፕቴምበሩ «ይውጣልን!» ባዮች ምን ቢሉን ጥሩ ነው? «እኛ እኮ ከመጀመሪያውም አምነንበት ነበር!» የጮኸው ወዳጃችን ራሱ የአርካንሳስን ጨዋታ ቪዲዮ እየላከ ያስጨንቀናል። አርች ለ2026 ቴክሳስ እንደሚቆይ በታወቀ ቀን «ዘንድሮ ሃይስማኑ የእኛ ነው» ብሎ ጻፈልን። ምላሽ ሳንሰጠው ሌላ መልእክት አስከተለ፤ «ለነገሩ አዲሱ ተጠባባቂም ክንድ አለው ይላሉ፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?»